የማይበሉ ሰዎች ምግብ ቤት

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሶዶ ላይ ምግብ ቤት ስንከፍት ያልሳቀብን ሰው የለም። ባሌ ሶርሳ የሚሽን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ ደመወዙ ወር አያደርስም፣ የልጆች ሆድ ደግሞ ወር አይጠብቅም። ቤታችን ገበያው ዳር ስለሆነች የፊት ክፍሏን ለሥራ አሰብናት። ምግብ የሚሸጥ ሰው በከተማው ሞልቷል፣ ሁሉም ግን ሥጋና ቅቤ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነበር። በዐቢይ ጾም የጉራጌ ነጋዴዎች ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይከርማሉ። የአውራጃው ጸሐፊ ደገፉ ጨጓራው እየተነሳበት በርበሬ ካለበት ገበታ ይሸሻል። "ለነዚህ ነው የምንሠራው" አልኩት ሶርሳን። ጎረቤቴ ሙሉሐረግ ይህን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አይ ጥሩነሽ፣ ሰው ለሚበላ ሰው ምግብ ቤት ይከፍታል፤ አንቺ ለማይበላ?" አለችኝ። ስሙ በዚያው ወጣልን፤ የማይበሉ ሰዎች ምግብ ቤት ተባልን።

ቆጮውን የምትጋግረው አብራን የምትኖረው አማቴ አሳየሽ ነበረች። የእሷን እጅ የሚያህል እጅ እስከ ጉኑኖ ቢፈለግ አይገኝም። እኔ "አዬ" ነው የምላት፣ በወላይትኛ እናቴ ለማለት። ደንበኞቹ ግን የአማርኛው አዬ እየመሰላቸው "ምን ሆነሽ ነው ቀኑን ሙሉ የምታዝኚው?" ይሉኝ ነበር።

አዬ ሁሉ ነገር ይገባታል፣ ጾም የሚባለው ነገር ግን አልገባ አላት። ለእሷ እንግዳን ያለ ቅቤ ማብላት ውጣልኝ ከማለት አይለይም።

"ጾም ነው አዬ፣ አምላካቸውን ብለው ነው" እላታለሁ።

"እነሱ ይጹሙ፤ እኛ ለምን እንሰስታለን?" ትለኛለች።

የቤታችንን የቅቤ ማሰሮ ወደ ጓዳ አስገባሁና ኩሽናው በር እንዳይደርስ ብዬ ተቆጣሁ። እኔ ስቆጣ ደግሞ ቀልድ አላውቅም።

አቶ ሀብተሚካኤል የመጡት ጾሙ በገባ ሰሞን ነው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አገር ቤት ጉራጌ ናቸው፤ እሳቸው ለንግድ ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ። የጉራጌ ነጋዴዎች ሁሉ እሳቸውን ያያሉ። እሳቸው የተቀመጡበት ይቀመጣሉ፣ የተነሱበት ይነሳሉ። ያን ቀን አንዱ ጎልማሳ፣ ገበየው የሚባል፣ በሩ ላይ ቆሞ "ሚሽኖች ጾም አይጾሙም፤ ምጣዳቸው ምን እንደነካው በምን እናውቃለን?" አለ። ደሜ ፈላ። አቶ ሀብተሚካኤል ግን ወደ እኔ ዞረው "ቅቤ ነክቶታል ልጄ?" አሉኝ። "አልነካውም" አልኳቸው። "ቃሏ ይበቃኛል" ብለው ገብተው ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ቤታችን የቆመችው በዚያች ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። ቆጮ፣ ጎመን በኑግ ዘይት፣ የተቀቀለ ጎደሬ ከቃሪያ ዳጣ ጋር አቀርባለሁ። ሌሎቹ ጥርግ አድርገው ይበላሉ። አቶ ሀብተሚካኤል ግን ትንሽ ጨዋታ ይዘው ይቆዩና "ቤት ሄጄ ነው የምበላው" ብለው ምግባቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይወጣሉ። ሰው ፊት መብላት የሚያፍሩ መሰለኝ። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ግን ኮታቸው ሰፋቸው፣ ጉንጫቸው ገባ። የጾም ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጨው ፈልጌ በድንገት ኩሽና ብገባ፣ አዬ የአቶ ሀብተሚካኤልን ጎመን ገልጣ ከሥሩ የተነጠረ ቅቤ እየጨመረች ነው። ማንኪያው ከእጇ አልወደቀም፣ እንኳን ልትደነግጥ።

"አዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ለእሱ ብቻ ነው" አለችኝ በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ። "ለሌሎቹ አላደርግም፣ አንቺን ፈርቼ። እሱ ግን ታላቃቸው ነው። ሚስቱ ሩቅ ናት። ሲከሳ አይታይሽም? ስለዚህ እጨምርለታለሁ፤ እሱ ግን ይብሱን ይከሳል።"

ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ነው ለካ። ይህ ነገር ከወጣ ማን አሮጊት በፍቅር አደረገችው ይላል? ሚሽኖች አውቀው ጾም አስገደፉን ነው የሚባለው። ቤቱ መዘጋቱ አይቀርም፣ ሶርሳም በከተማው ቀና ብሎ አይሄድም። ከሁሉ የባሰው ግን ሰውየው ነው። በእኔ ቃል ተማምኖ ጾሙን ሙሉ ሲገድፍ የከረመ ሰው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ምግቡን ደፍቼ ነጠላዬን እንኳን ሳላስተካክል ወደ ሱቃቸው ሄድኩ።

ብቻቸውን ነበሩ። ቆሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሜትራቸውን ጨርቁ ላይ አስቀምጠው ሰሙኝ።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ቅቤውን። ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ጉራጌ የቅቤ ሽታ ይደበቅበታል እንዴ ልጄ?"

"ታዲያ በየቀኑ ይዘውት የሚሄዱት?"

"ለተሸካሚው ለጩማ ነው የምሰጠው። እሱ አይጾምም፣ ደስ ብሎት ይበላል።"

"እርስዎስ?"

መደርደሪያውን በአገጫቸው አመለከቱኝ። አንድ ቁና ሽምብራ ቆሎና አንድ የውሃ ጣሳ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ቀን እኔ ቤት ገበታ ቀርበው፣ የሰው ሁሉ ምግብ ሲሸታቸው ውለው፣ የሚበሉት ይህንን ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው፤ ድምፄም የቁጣ ይሁን የለቅሶ አላውቅም።

"ብነግርሽ አማትሽን ትቆጪያቸዋለሽ" አሉኝ። "በኩሽናው በር አይቻቸዋለሁ፤ ግራ ቀኝ አይተው ነው የሚጨምሩልኝ። እናቴ ከሞተች እንደዚያ አድርጎ ያጎረሰኝ የለም። እኔ ብቀር ደግሞ እነገበየው ይቀራሉ፤ ቤትሽ ይፈርሳል። ጾም ከምግብ መከልከል ነው፤ እኔም ተከለከልኩ። ምን ጎደለብኝ?"

እኛ ሚሽኖች የእነሱን ጾም የሆድ ሕግ ነው ስንል ነው ያደግነው። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ሰባኪ ወንድሞችም አሉኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን እግዚአብሔርን ፈርቼ አላውቅም። እስከ ዛሬም ነገሩ ይገርመኛል።

ቤት ተመልሼ ለአዬ ነገርኳት። ልቆጣት አልቻልኩም። "ቆሎ?" አለች። "እኔ ስጨምርለት እሱ ቆሎ?" ከዚያ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ገበያ ሄዳ አዲስ ድስት ገዝታ መጣች፣ የድሮው ቅቤ ለምዷል ብላ። ማንንም አላስጠጋችም። ጎመኑን ራሷ ቀነጠሰች፣ ራሷ ሠራች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ውሃ ስታፈስ ሰማኋት። ምን ታደርጋለች ብዬ ባይ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቅቤ ተለይቶት የማያውቀውን ፀጉሯን በእንዶድ እያጠበች ነው። በዚያ ብርድ አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ሻሽ አላሰረችም። ሽበቷ ደርቆ ቆሞ፣ ሌላ ሴት መስላ ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ገበታ ቀርበው ሳለ ምግቡን ይዛ ራሷ ወጣች። ደንበኞች ፊት ወጥታ አታውቅም። አቶ ሀብተሚካኤል ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ እነገበየውም ነገሩ ሳይገባቸው ተነሱ። አዬ ከቆጮው ቆርሳ፣ ጎመኑን ጠቅልላ፣ እጇን ወደ አፋቸው ዘረጋች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ ወንድና ሴትም አይለይላትም።

"ብዪ ልጄ" አለቻቸው። "ቅቤ የለም። ራሴ ላይም የለም።"

አቶ ሀብተሚካኤል ፀጉሯን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከእጇ ጎረሱ።