ሽታዬ አገር ስትሰጥ

ባሻ አብተው ከቡልጋ ወደ አዳማ ሦስት ቀን ሙሉ በበቅሎ የወረዱት የባቡር ጭስ ለማየት አልነበረም። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ ነበር። የአገራቸው ደንብ ነው፤ የበኩር ልጅ ለአያት ይሰጣል፣ አያት ያሳድገዋል። ልጃቸው ሸዋወርቅ ኢተፋን ስታገባ ይህ ቃል በሽማግሌ ፊት ተገብቷል። ኢተፋ ያን ጊዜ ጨው እየጫነ ቡልጋ ድረስ የሚነግድ የአዳማ ልጅ ነበር፤ ኋላ በቅሎዎቹን ሸጦ የባቡር ሀዲድ የሚጠግን ሠራተኛ ሆነ። የበኩር ልጅም ተወለደች፣ ሽታዬ ተባለች፣ ቃሉ ግን ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ስምንት ዓመት ሞላው። «የወተት ጥርሷን ትንቀል» ተባለ፤ ነቀለች። «ኩፍኝ ይውጣላት» ተባለ፤ ወጣላት። ባሻም አላስቸገሩም፤ ሚስታቸው ዘርፉ በሕይወት ስለነበሩ ቤታቸው ሰው አልጎደለውም።

ባለፈው ሐምሌ ዘርፉ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ባሻ አብተው ከውሻቸው ጋር ማውራት አበዙ። ውሻው ሲሰለቸው ተነሥቶ መሄድ ሲጀምር ነገሩ አሳሰባቸው። ስለዚህ በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. የጥር ጊዮርጊስ እንዳለፈ በቅሎዋን ጫኑና ወረዱ።

እምቢ ያላቸው የለም። ኢተፋ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ አባቴ» ብሎ ጉልበት ስሞ ተቀበላቸው፤ እግራቸውንም ራሱ አጠበ። የመጡበትን ሲነግሩት «ቃል ቃል ነው» አለ። ሸዋወርቅ «እሺ አባዬ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጭስ ነው አለች፤ እሳት ግን ገና አልተያያዘም። ለልጅቱ ማን ይንገራት የሚለው ብቻ ቀረ። ባሻ «እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፤ ሦስት ቀን ይበቃኛል። ልጅ ማባበል ለእኔ ምን ይከብደኛል?» አሉ። ልጅ አባብለው አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው ራት ላይ ነገሩ ጠመመባቸው። ሽታዬ በእናቷና በአባቷ መካከል ተቀምጣ እኩል ትበላለች፤ እየበላችም ታወራለች። ባሻ ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ።

«በእኛ ጊዜ» አሉ፣ «ልጅ ከአዋቂ ጋር አይበላም ነበር። እኔ በአንቺ ዕድሜ ትልልቆቹ በልተው እስኪነሡ ግድግዳ ተደግፌ ጧፍ እይዝ ነበር። ሰሙ በእጄ ላይ ሲንጠባጠብ ትንፍሽ አልልም።»

ሽታዬ አዘነችላቸው። «አባባ፣ ጧፉን ለምን መሬት ላይ አላቆሙትም?»

በስድሳ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ባሻ የያዙትን ጉርሻ ጎረሱ።

በማግስቱ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ከማሽላ ዝንጀሮ ሲከላከሉ ስለዋሉበት ዘመን አወሩላት። የተዘናጋ ልጅ ማታ ሁለት ጊዜ ይገረፋል፤ አንዴ ለተበላው እህል፣ አንዴ «አልተበላም» ብሎ ለዋሸው። ይህን ሲናገሩ ባሻ ፊታቸው በራ፤ ሰው የተገረፈበትን ዘመን እንዲህ የሚወደው ለምን እንደሆነ እንጃ። ሽታዬም ዝንጀሮ አውቃለሁ አለች። አንድ ፈረንጅ ከባቡር ሲወርድ በሰንሰለት ይዞት አይታለች፤ ዝንጀሮው ኮፍያ ነበረው። ባሻ ከዚህ በኋላ ስለ ወንጭፉ መቀጠል አልቻሉም።

ልጅቱ ጉድ ነበረች። ከጎረቤታቸው ከኑሬ ልጆች ጋር በኦሮምኛ ትጣላለች፣ በአማርኛ ትታረቃለች። በየመናዊው ነጋዴ በደሊል ሱቅ በር ላይ በዓረብኛ እስከ ሃያ ቆጥራ ቴምር ትቀበላለች። ኮሌታው የነጣውን የጣቢያ ሹም «ቦንዡር» ትለዋለች፤ እሱም ባርኔጣውን ያነሣላታል። ለባሻ አብተው በሕይወታቸው ባርኔጣ ያነሣላቸው ሰው አልነበረም። ከሁሉ የባሰው ግን ሀዲዱ ላይ ተደፍታ ጆሮዋን መለጠፏ ነው። «ወለንጪቲን ለቋል» ትላለች ተነሥታ። ጥቂት ቆይቶ ባቡሩ ከተፍ ይላል። ባሻ በልባቸው ይህች ልጅ ሳትጠነቁል አትቀርም አሉና አማተቡ።

ስለ ቡልጋ የነገሯትን ሁሉ በትዕግሥት ሰምታ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ባቡር ያቆማል?» አያቆምም። «እንግዲያ ሰው በምን ይመጣል?» በእግሩ፣ በበቅሎው። «ታዲያ ማን ይመጣል?» አለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአዋሽ የሚመጣውን ባቡር ሊያዩ ከጣቢያው ማዶ ግራር ሥር ተቀመጡ። በማግስቱ ጧት መነሣት አለባቸው፤ ልጅቱ ግን ገና አልተነገራትም። ባሻ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሊጀምሩ ሲሉ ሽታዬ ቀደመቻቸው።

«እንቆቅልሽ እንጫወት።»

«በቀን? በቀን እንቆቅልሽ ከተጫወቱማ ከብት ይጠፋል!»

«እኛ ከብት የለንም» አለች።

እውነቷን ነው። ደግሞም ባሻ በልጅነታቸው በእንቆቅልሽ የሚረታቸው አልነበረም። ይህች የሀዲድ ዳር ልጅ የአያቷን ብልጠት ብታይ ነገሩ ሊቀል እንደሚችል አሰቡ። «በእንቆቅልሽ ጊዜ እርስዎ የለም፣ አንተ ነው» ብለው ፈቀዱላት። ሽታዬ ይህን ስትሰማ እጇን በደስታ አሻሸች።

«እንቆቅልሽ!» አሉ።

«ምን አውቅልህ!»

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

አሰበች። «ባቡር አይደለም፤ ባቡር አዋሽ ያድራል። አላውቀውም።»

«ወንዝ!» አሉ ባሻ ጢማቸውን እያፍተለተሉ። «አገር ስጪኝ።»

«የምን ወንዝ? የእኛ ወንዝ ከኅዳር ጀምሮ ደርቋል። ደክሞታል እኮ፤ ና ላሳይህ» ብላ ተነሣች።

ባሻ ወርደው አዩ። ወንዙ ድንጋይና አቧራ ብቻ ነበር፤ አንድ አህያ መሐሉ ላይ ተኝቷል። አገሩን ሳያገኙ ተመለሱ።

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። «ሁለት ወንድማማቾች፣ ዕድሜ ልካቸውን ጎን ለጎን ሄደው የማይነካኩ?»

«ዓይንና ዓይን!»

«ሀዲድ። አገር ስጠኝ።»

«አንኮበርን ሰጠሁሽ።»

«ባቡር ያቆማል?»

«አያቆምም።»

«አልፈልግም፣ ሌላ።»

መንዝን ሰጧት፣ ይፋትን ሰጧት፣ ተጉለትን ሰጧት፤ የአባቶቻቸውን አገር በሙሉ ገበያ እንደዋለ ሽንኩርት እያገላበጠች ጣለችው። በመጨረሻ ባሻ ሰምተው የሚያውቁትን አንድ የባቡር ከተማ፣ ድሬዳዋን፣ አስታውሰው ሰጡና ተገላገሉ። «ድሬዳዋ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ብርቱካን ልጬ፣ ከረሜላ መጥጬ!» አለች፤ አገር ያገኘ ልጅ እንዲህ እያለ መፎከሩ ያለ ነው። «እሳት በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ የሚጮኸው» ስትላቸው «አረቄ የጠጣ ወታደር» አሉ፤ የባቡሩ ሞተር ሆኖ ተገኘ። ጅቡቲንም አስረከቧት። ባሻ አብተው በአንድ ከሰዓት በኋላ የተሸነፉትን ያህል በዘመናቸው ሁሉ ተሸንፈው አያውቁም።

አሁን እልህ ያዛቸው። ሊነግሯት የመጡትንም ረሱት። አሰቡ፣ አሰቡ፣ ከደጋ አንድ ነገር አመጡ።

«እንቆቅልሽ! ሌሊት ሜዳው ላይ ነጭ ሸማ ያነጥፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ሳይጠቀልለው ይጠፋል?»

ሽታዬ ብዙ ቆየች። ጭስ አለች፤ አይደለም። ጨው አለች፤ አይደለም። ደመና አለች፤ አይደለም።

«ውርጭ ነው!» አሉ ባሻ፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። «ሣር ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድር ብርድ!»

«ብርድ አይታይም።»

«በእኛ አገር ይታያል። አላወቅሽም፤ አገር ስጪኝ!»

ሕጉ ሕግ ነውና ተቀበለች። «ጅቡቲን ሰጠሁህ።»

«አልፈልግም፣ ሌላ» አሉ፤ ሲደረግባቸው ያዩትን ማድረጋቸው ነው።

ድሬዳዋን ሰጠች፤ እምቢ አሉ። አዋሽን፣ መተሐራን፣ ወለንጪቲን ሰጠች። በሌላው በኩል ዞራ ሞጆን፣ ቢሾፍቱን፣ አቃቂን ሰጠች። አዲስ አበባን እንኳ ከነቤተ መንግሥቱ ሰጠች። ባሻ በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንዲህ ሲደሰቱ ዘርፉ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሽታዬ የምታውቀው የባቡር አገር አለቀ። አንድ ብቻ ቀረ። ወደ ጣቢያው ተመለከተች፣ ወደ ቤታቸው ተመለከተች፣ ድምፅዋ ቀነሰ።

«አዳማን ሰጠሁህ።»

«አዳማ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብለው ባሻ ጮኹ። «ልጄ ራት አቅርባልኝ፣ አማቼ እግሬን አጥቦኝ፣ የልጅ ልጄ …»

አቆሙ። ሽታዬ ፊቷን በጉልበቷ መካከል ቀብራ ታለቅሳለች።

«ምነው እናቴ? ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ግን ሁሉንም ወሰዱብኝ። አሁን እኔ የት ልግባ?»

እርስዎ ማለት ጀምራለች። ባሻ አብተው አጠገቧ ቁጭ አሉ። በቃል ብቻ ለሰጠችው አገር እንዲህ ካለቀሰች ነገ ጧት በበቅሎ ላይ ምን ልትሆን ነው? እሳቸውም የበኩር ልጅ ነበሩ፤ በሰባት ዓመታቸው ምንጃር ላሉ አያታቸው ተሰጥተዋል። ማባበያ ጠቦት ተሰጣቸው። ያን ክረምት ሙሉ ማታ ማታ ፊታቸውን ወደ እናታቸው አገር አዙረው፣ ጠቦቱን አቅፈው፣ ድምፅ ሳያሰሙ አልቅሰው ይተኙ ነበር። በየሰው ቤት «በእኛ ጊዜ፣ በእኛ ጊዜ» ሲሉ ስለ ጧፉም ስለ ጅራፉም ያወራሉ፤ ይህን ግን ለዘርፉ እንኳ ነግረው አያውቁም። ባሻ አብተው አፈሩ።

«አዳማን መልሼ ሰጥቼሻለሁ» አሉ።

ሽታዬ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሕጉ አይፈቅድም። የተሰጠ አይመለስም።»

«ሕጉን ያወጣው እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ ነው። እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ ይሽረዋል።»

ጥቂት አሰበችበት። ከዚያ ባቡሩ ጮኸና ነገሩን ረስታ ወደ ሀዲዱ በረረች።

ባሻ ብቻቸውን ቤት ሲገቡ ሸዋወርቅ የልጅቱን ቀሚስና ነጠላ በአንድ ጨርቅ ስትቋጥር አገኟት። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ቋጥራ ሦስት ጊዜ ፈትታዋለች።

«ፍቺው» አሏት። «የትም አትሄድም።»

ሸዋወርቅ ደነገጠች። «ተቀየሙን፣ አባዬ? ልጅቱ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋች። ደንብ ነው ብዬ የመጣሁት እውነቱን መናገር አፍሬ ነው። ልጅቱ አሳዳጊ አላጣችም። እኔ ነኝ ብቻዬን ማደር ያቃተኝ። የእኔ ብቸኝነት ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ የምትሸከመው ዕቃ አይደለም።»

ኢተፋ ከሥራ ሲመለስ ይህን ሰማና እዚሁ ይቅሩ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ባሻ ግን ቡልጋ እርሻው አለ፣ የዘርፉ መቃብር አለ፣ ውሻውም አለ አሉት። ለመነ፤ አልሆነም። ያን ማታ ሽታዬ ስትበላ ስታወራ ባሻ አንዴም «በእኛ ጊዜ» አላሉም፤ ስለ ውርጩ ስትጠይቃቸው ብቻ መለሱላት።

በቅሎዋ ባቡር ስለምትፈራ ጧት በማለዳ ተነሡ። ሽታዬ እርካቡን ይዛ እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኘቻቸው። እዚያ ሲደርሱ ቆማ ወደ ላይ አየቻቸው።

«አባባ፣ ቡልጋ ማን ያጫውትዎታል?»

ባሻ አብተው ጎረቤቱ ሁሉ አለልኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ልጅን ማባበል እንደማይችሉበት ግን አሁን ተረድተዋል።

«ማንም» አሏትና በቅሎዋን ወደ ቡልጋ በሚያወጣው በምንጃር መንገድ አዞሩ።