ልብስ ሰፊው ሜሞሪ ሲሰካ

የኔትወርክ ጥገና ባለሙያዋ በራሷ ትተማመናለች። ደረጃ ላይ አዳልጧት ቀኝ እጇ በጄሶ ሲታሰር እንኳ «አንጎሌ አልተሰበረም!» ብላ ሐኪሙን አስቃዋለች። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ግን አልሳቀችም። የላቦራቶሪ ውጤት ለሐኪሞቹ የሚያደርሰው ራውተር ሜሞሪ አንሶት በየጊዜው ቀጥ ይላል። የተገኘው ሜሞሪ ካርድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተበላሸ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ቁርጡ ተነግሯታል።

ስለዚህ ባሏን ይዛ መጣች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ጣቶቹ ምን የመሰለ ቀጭን ክር በመርፌ ቀዳዳ ያሾልካሉ፤ ስለ ኤሌክትሪክ ግን ከአምፖል ማብሪያ ያለፈ አያውቅም።

«ሹራብህን አውልቅ» አለችው የራውተሩ ክፍል በር ላይ።

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«አንተ ሰውዬ! ስታወልቀው ጠጉርህን የሚያቆመው ነገር የለም? ለአንተ መኮርኮር ነው፤ ለሜሞሪው ሞት።»

ራውተሩን አጥፍታ ከሶኬት ነቀለችው፤ ክዳኑን እሱ ፈታ። አምባር የመሰለውን ማሰሪያ ባዶ የእጁ አንጓ ላይ አስራ፣ የሽቦውን ጫፍ ቀለም ካልተቀባው የራውተሩ ብረት ጋር አያያዘችው።

«አሁን ገላህ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በዚህ ይወጣል። ካርዱን በጠርዙ ብቻ ያዝ፤ ወርቃማውን ጥርስ እንዳትነካ።»

«እሺ፣ እመቤት።»

ካርዱን ከታሸገበት ከረጢት በጠርዙ ይዞ ሲያወጣ ደስ አላት። ከዚያ የመሰኪያውን ሁለት መያዣዎች ለመክፈት ሁለት እጅ አስፈለገው። ልብስ ሰፊ እጁ ሲያዝ ስፒሉን የት እንደሚያኖር የታወቀ ነው። ካርዱን ወደ ከንፈሩ ወሰደው።

«ተው! ከአፍህ አርቀው! ወይ የልብስ ሰፊ ነገር!»

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ቆጫት፤ በሩ ላይ ቆማ የምታየው ሥራ አስኪያጅም ሰምታለች። ባሏ ካርዱን ሊመልስላት ዘረጋው። የእሷ ሥራ ያለው ደግሞ በእሱ ጣቶች ላይ ነው።

«የሠርጌን ቀሚስ ማን ሰፋው?» አለች ድምጿን አለስልሳ።

«እኔ።»

«የሳትከው ስፌት ነበር?»

«አንድ ነበር። አልነገርኩሽም እንጂ።»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። «ጉድ ነህ! በል ካርዱን ወደ ከረጢቱ መልሰው። መጀመሪያ መያዣዎቹን ክፈት።»

እየሳቀ መያዣዎቹን ከፈተ። ካርዱን መልሶ አውጥቶ ስንጥቁን ከመሰኪያው ጉብታ ጋር አገጣጠመ።

«ሁለቱንም ጫፍ እኩል ግፋ። ጠንከር አድርገህ! አይሰበርም።»

ቀጭ አለ፤ መያዣዎቹም ካርዱን ግጥም አድርገው ያዙት። ክዳኑ ተመለሰ፣ ራውተሩ ተነሣ፣ አዲሱም ሜሞሪ ሳይጎድል በክሊኒኩ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ታየ።

«ጎበዞች» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ግን እጅሽ እስኪድን ሌላም ነገር መበላሸቱ አይቀርም። እሳቸው የራሳቸው ሥራ የላቸውም?»

የሠርግ ወቅት ነው፤ የባሏ ሱቅ በሙሽራ ጨርቅ ተጨናንቋል። ሥራዋ ከእጇ ሲያመልጥ ታያት፤ ፈራች።

ባሏ ሹራቡን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

«ሲበላሽ እሷን ጥሯት» አለ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞሮ። «ሁለታችንም እንመጣለን።»