የሞጣው ሰማንያ በመቶ

በ1976 ዓ.ም. ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ካለው ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከተፈተኑት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ዘጠኙ አለፉ። ወዲያው የማሻሻያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሦስት ቀን ሙሉ ተሰብስቦ ችግሩን አገኘው፤ የንቃት ማነስ ነው። አንድ መጽሐፍ ለአራት መሆኑና ጣሪያው ማፍሰሱ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ተያዘ። መፍትሔውም አልዘገየም፤ ግድግዳው ሁሉ በቀይ ቀለም መፈክር ተጻፈበት።

«ጥሩ ነው» አለች የአማርኛ አስተማሪዋ ባንቺዓለም። «ግን ግማሾቹ ተማሪዎች ማንበብ አይችሉም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ከፋለ በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ሞጣ ሂጂና ልምድ ውሰጂ። እነሱ ሰማንያ በመቶ ደርሰዋል፤ ሪፖርታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ባንቺዓለም አዲስ ደብተር ይዛ በእህል መኪና ሄደች። እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ አድርጋ ነበር።

የሞጣው ርዕሰ መምህር አቶ አካለ ወልድ ከየት እንደመጣች ሲሰሙ ክው አሉ። «ከቢቸና? እኛ እኮ በሚቀጥለው ሳምንት ልምድ ልንወስድ ወደ እናንተ ልንመጣ ነበር!» ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። የቢቸናው ትምህርት ቤት መሃይምነትን ከክፍል ጠራርጎ ማስወጣቱን ይገልጻል። የፈረመው ጓድ ከፋለ ነው።

«የእናንተስ ሰማንያ በመቶ?» አለች ድምጿ እየቀጠነ።

«እሱ የአጥሩ ግንባታ ነው፤ አንባቢው መስመር ስቶ ይሆናል።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ባንቺዓለም መሳቁን አቆመችና ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። አቶ አካለ ወልድ ደነገጡ።

«ነይ እስቲ፣ ሪፖርት ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ» አሏት።

ከጓሮ ባለው ክፍል መሪጌታ ሣህለ ማርያም የሚባሉ የቤተ ክህነት ሰው ማንበብ ያቃታቸውን ተማሪዎች እየለዩ ከፊደል ጀምሮ ያስቆጥራሉ። ቄስ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል ማለት ስለማይቻል በመዝገብ የተያዙት በዘበኛነት ነው። ባንቺዓለም ሁለት ቀን ቁጭ ብላ አየች።

ቢቸና ተመልሳ የከተማውን የቄስ ትምህርት ቤት መምህር የኔታ ወልደ ኪዳንን ለምና አመጣች። የዘበኛ ቦታ ስላልነበረ በአትክልተኛነት ተመዘገቡ። ጠዋት ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል ያስተምሩ ጀመር። ማናለሽ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«የኔታ፣ እኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል ነኝ!»

«እኔም አትክልተኛ ነኝ፤ ተቀመጭ» አሏት።

ተቀመጠች። በመጀመሪያው ሳምንት አንገቷን ደፍታ ነበር፤ በአራተኛው ወር ጋዜጣ ታነብ ጀመር።

በዓመቱ አርባ አንድ ተማሪዎች አለፉ፤ ማናለሽም አንዷ ናት። ኮሚቴው ለውጡ ከምን እንደመጣ በጥልቀት አጠና። ከመፈክሩ ነበር። ጓድ ከፋለ እድገት ተሰጠው፤ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ቀይ ቀለም እንዲታደል ተወሰነ። ባንቺዓለም በውሳኔው ስብሰባ ላይ አልተገኘችም ተብላ ተወቀሰች። እውነት ነው፣ አልተገኘችም፤ ከየኔታ ጋር ስድስት አዲስ የመጡ ልጆችን «ሀ» እያስባለች ነበር።