የአርባ አንድ ኪሎ ሜትር ድንጋይ

«አቁም! ወዴት ነው?» ሽታሁን ቀዩን ባንዲራ የአይሱዙው ግንባር ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ፣ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ።

«አባት፣ ገበያው ሊያመልጠኝ ነው እኮ!» አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«እኔን ረግጠህ እለፋ!»

ከአይሱዙው ኋላ ተሳቢ የጎተተ ከባድ መኪና ቆመ፤ ከእሱ ኋላ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። የመስከረም ጉም ከገደሉ ተነሥቶ መንገዱን ስለሸፈነው ሽታሁን ከአራተኛው መኪና ወዲያ አይታየውም። የቀሩትን የሚቆጥራቸው በጥሩምባቸው ነው። ከጀርባው ስድስት የቀን ሠራተኞች ግማሹን አስፋልት ይቆፍራሉ፤ ሌላውን ግማሽ አሸዋ የሚያራግፍ ገልባጭ ዘግቶታል።

«እዚህ ሜዳ ላይ ማን ይገለበጣል ብለው ነው?» አለች ይርገዱ ዶማዋን ተደግፋ። ከሠራተኞቹ ሁሉ ምላሷን የማትገታ እሷ ናት። «በሬ ቢነዳው እንኳ አይገለበጥም።»

ሌሎቹ ሳቁ። ኢንጂነር ሪሃብ ሰማች፤ አልተቆጣችም። የሞጣው ነጋዴ የሳሊህ ልጅ ናት፤ ከላይ መሥሪያ ቤት ከተላከች ገና ሳምንቷ ነው። ታብሌቷን ከካፊያው በሻሿ ጫፍ እየከለለች፣ «ቀጥ ያለ ስለሆነ እኮ ነው ፍጥነት የሚጨምሩት» አለች። «የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የአምስት ዓመቱን የአደጋ መዝገብ አንድ በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጦታል። ከቢቸና እስከ ሞጣ እንደዚህች ቦታ ሰው የጨረሰ የለም። አሥራ አንድ መገልበጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ሟች። የፍጥነት መቀነሻ ሥሩ ያለን እሱ ነው።»

ሽታሁን ታብሌቱ ላይ ያለችውን ቀይ ክብ አየና ዓይኑን መለሰ። ክቧ የተሳሳተች መሆኗን ያውቃል። ለምን እንደተሳሳተችም ያውቃል።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣ በዚህ በኩል የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን የተከለው እሱ ነበር። አርባ አንድ የሚለው ድንጋይ የሚገባበት ቦታ ጥቁር ዓለት ሆነበት። ዶማው ሲያርፍበት እሳት ይተፋል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ድንጋዩን ያመጣው መኪና ጥሏቸው ሄዷል። ከአንድ ጓደኛው ጋር በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ኋላ፣ ወደ ቢቸና በኩል ተመለሱና፣ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ላይ አፈሩ ሲለሰልስላቸው ተከሉት። ጓደኛው ዛሬ በሕይወት የለም። ማን ይለካዋል ብለው ነበር። ማንም አልለካውም። ትራፊክ ፖሊስ ግን አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚነሣው ከድንጋዩ ነው፤ ከአርባ አንድ ድንጋይ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ሞጣ፣ ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ድንጋይ አያውቅም፤ ቁጥሩን ይዞ ከመንገዱ መነሻ ይለካል። በዚህ ዓይነት ከዚህ በስተኋላ ያለው የቆቅ ውሃ መታጠፊያ የገደላቸውን ሁሉ ሦስት መቶ ሜትር አሻግሮ እዚህ ሜዳ ላይ አጋደማቸው።

ይህ የገባው ባለፈው ሐሙስ፣ ቢቸና ስብሰባ ላይ፣ ሪሃብ ካርታውን ግድግዳው ላይ ስታበራው ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ለጡረታው ሰባት ወር ቀርቶታል። እኔ ነኝ ቢል አሥራ ዘጠኙንም ሬሳ በእሱ ላይ ይደረድሩታል።

ዝም ያሰኘው ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። በዚህ መንገድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ስምንተኛ ክፍል ነህ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሹመት አልፎታል። አካፋ አያያዝ ያስተማረው ዘመነ ዲፕሎማ ይዞ መጥቶ አለቃው ሆነ። የዛሬ አራት ዓመት ሽታሁን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ ቆቅ ውሃ ሰው እየጨረሰ ነው፣ የብረት መከለያ ይደረግለት ቢል፣ ዘመነ «አንተ ጉድጓድህን ድፈን፤ የሚያጠና ሰው አለ» አለውና ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ጠዋት ሹፌሩ ዳምጤ ባንዲራውን ወርውሮለት «እንካ፣ ሹመትህ ደረሰ!» ሲለውም ባንዲራውን ይዞ ወደ ቦታው ሄደ። አጥኑ እንግዲህ፣ አለ በልቡ። አያችኋለሁ።

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ሰገነት ናት። ሞጣ ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሁድን ቢቸና ቤታቸው አሳልፋ ሰኞ ጠዋት ትመለሳለች።

«አባዬ፣ ደብረ ወርቅን ካለፍን ቆየን። መንገድ ላይ ካለህ ልይህ ብዬ ነው።»

«ሹፌሩ እንዴት ነው?»

«ይበራል! ክፍለ ጊዜ ሊያልፈኝ ስለሆነ እኔው ነኝ ቶሎ በል ያልኩት» አለች እየሳቀች።

«ቀስ በል በዪው! ሰገነት! መታጠፊያው ጋ...»

ኔትወርኩ ሄደ። መልሶ ደወለ። አይጠራም። እንደገና ደወለ። አይጠራም።

ከሩቅ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አዲስ ጥሩምባ ተሰማ። ሽታሁን ቆጠረ። አሥራ አራት። አብዛኞቹ ተሳቢ ናቸው፤ የተሳቢ ርዝመት ደግሞ ያውቃል። የሰልፉ ጅራት መታጠፊያው ላይ ደርሷል። በዚህ ጉም ከዚያ ጥምዝ የሚወርድ ሹፌር የቆመውን መኪና የሚያየው ከተላተመው በኋላ ነው።

«ኢንጂነር፣ ይህን ሰልፍ ይልቀቁት።»

«ገልባጩ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፣ አባባ።»

«ጅራቱ መታጠፊያው ላይ ደረሰ እኮ!»

ሪሃብ ታብሌቱን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገች። «የቱ? ይኼ? ይኼማ አረንጓዴ ነው። አንድም አደጋ አልተመዘገበበትም።»

አንድም! ሽታሁን ከዚያ ገደል በገዛ እጁ ያወጣቸው ሰዎች ዓይኑ ላይ መጡበት። አንዲት እናት፣ ነጠላዬን አልብሰኝ እያለች እጁ ላይ ነው ያለፈችው።

«ድንጋዩ ነው!» አለ። «ድንጋዩ ያለቦታው ነው! ሰው የሚያልቀው እዚያ ነው፣ ልጄ፣ እዚህ አይደለም!»

«የምን ድንጋይ?»

«ይርገዱ፣ እዚህ ቁሚ! ማንም እንዳያልፍ!» አለና ባንዲራውን እንደያዘ ሮጠ።

«አያ ሽታሁን፣ ምን ነካህ?»

በመኪናዎቹ ጥግ ጥግ ሮጠ። ሹፌሮቹ በመስኮት ይስቁበታል። «ሽማግሌው፣ ማን አባረረህ?» «ሚስቱ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል!» የጎማ ቦቲው ውስጥ ውሃ ገብቶ ይንቦጫረቃል። ደረቱ እንደ እሳት ነደደ። ስምንት። አሥር። አሥራ ሦስት። የመጨረሻው ብረት የጫነ ተሳቢ ነው፤ ኋላው ልክ ከጥምዙ አፍ ላይ ቆሟል። ሽታሁን አልፎት ጥቂት እንደወጣ የሞተር ድምፅ ሰማ። ከላይ ይወርዳል። በአራተኛ ማርሽ ነው።

የመንገዱ መሃል ላይ ቆሞ ባንዲራውን አወዛወዘ። ጉሙ ውስጥ ሁለት ቢጫ መብራት ወጣ። ዝለል፣ አለው ልቡ። እግሩ አልታዘዘውም። የፍሬን ጩኸት ተራራውን ሞላው፤ ሚኒባሱ ተጣሞ በጎኑ መጣ፣ መጣ፣ መጣና የኋላ ጎማው የገደሉን አፋፍ ጠጠር እየበተነ ቆመ።

መጀመሪያ የወረደችው ሰገነት ናት።

«አባዬ? አንተ ነህ? ሊገድልህ ነበር እኮ! አብደሃል?»

ሽታሁን እጅጌዋን ጨምድዶ ያዘ። እሷ በትከሻው በኩል አሻግራ ተመለከተች። ሠላሳ እርምጃ ያህል ወዲያ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የብረቶቹ ጫፍ ወደ እነሱ ተደግኖ ቆሟል። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ሪሃብ በዳምጤ ፒካፕ ደረሰች። ወርዳ ከጥምዙ ዳር ዳር ሄደች። ቦዩ ውስጥ የመስታወት ስባሪ፣ የመብራት ሽፋን፣ የወንበር ስፖንጅ ተቀብሯል፤ የብዙ መኪና ነው። ሰልፉን እንድትለቀው ለይርገዱ ስልክ ደወለች፤ ከዚያ ከሽታሁን ጋር በፒካፑ ወደ ኋላ ሄዱና ድንጋዩ ሥር ቆሙ። አርባ አንድ ይላል። ታብሌቱ ከመንገዱ መነሻ የለካውን ርቀት አየች።

«አርባ ነጥብ ሰባት» አለች በቀስታ።

ወደ መታጠፊያው ተመልሰው፣ ሚኒባሱ በኤሊ አካሄድ ወደ ሞጣ ሲነሣ የሪሃብ ስልክ ጠራ። አውርታ ስትጨርስ ቅር ብሏታል።

«አቶ ዘመነ ናቸው። የሳተላይት ስህተት ነው ብለሽ ጻፊው፣ ነጥቡን ወደ መታጠፊያው አንቀሳቅሺና ዝጊው ይላሉ። የድንጋዮቹን ርክክብ የፈረሙት እሳቸው ናቸው መሰለኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ድንጋዩ ያለቦታው መሆኑን እንዴት አወቁ ግን፣ ጋሽ ሽታሁን?»

መሬት መሬት አየ።

«ይሁን» አለች። «መታጠፊያው መከለያውን ያገኛል። ልዝጋው?»

ነጻ ወጣ። ከሐሙስ ወዲህ ታፍኖ የነበረው ትንፋሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣለት። ሰባት ወር ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ከዚያ የሚኒባሱ የኋላ መብራት ጉሙ ውስጥ ሲጠፋ አየ። በዚያች የዝናብ ሳምንት ዓለት ያስቸገረው አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ስምንትም እንደዚሁ ነው። አርባ ሦስትም። አርባ ሦስት ከፊት ነው፤ ልጁ በየሳምንቱ የምታልፍበት።

«አትዝጊው» አለ። የሰማችው ስላልመሰለው ደገመው። «አትዝጊው። የተከልኩት እኔ ነኝ። ይህን ብቻም አይደለም።»

«ሽታሁን፣ አፍህን ያዝ!» አለ ዳምጤ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የምትለውን ታውቃለህ?»

ሽታሁን ፒካፑ ውስጥ ገባ። በሩን ስቦ ዘጋው።

«ወደ ሞጣ ንዳ» አለ። «አርባ ሦስት ላይ ታቆማለህ።»