መቆሚያ የተባለው ውሃ

መቆሚያ ማለት፣ በደብረ ማዕዶት ደሴት ሰዎች አነጋገር፣ ከየብሱ ዳር ጀምሮ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እግሩ አሸዋ ረግጦ ራሱ ከውሃ በላይ እስከሚታይበት ድረስ ያለው፣ ለመርከብ የሚያንስ፣ ለእግረኛ የሚበዛ፣ ጥልቅም ደረቅም ያልሆነ ውሃ ነው። የሰው ልጅ ለብዙው ነገር ስም የሚያወጣው ስም ባለመኖሩ የደረሰውን ጉዳት ካየ በኋላ ነውና፣ የዚህም ቃል ጥንተ ነገሩ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

በቀደመው ዘመን ደምሳሽ የተባለ ጎልማሳ በድንበር ጠብ ሰው ገደለና፣ ደብሩ የገባ ነፍሰ ገዳይ እንዳይያዝ የሚያዝዘውን የጥንት ሥርዓት ተስፋ አድርጎ፣ የብሷ ሁሉ የደብሩ ወደ ሆነችው ወደዚህች ደሴት ሸሸ። ታንኳው ግን ዳር ሳይደርስ ሰጠመ፤ እርሱም ጎኑ በጦር እንደ ቆሰለ፣ ደረቱ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ በደንገሉ መካከል እግሩን ተከለ። አሳዳጆቹ በታንኳ ቀድመው ከየብሱ ለዩት። ነገር ግን መሪያቸው ባላምባራስ ወንድይራድ ከጦር ይልቅ ግዝት የሚፈሩ ሰው ነበሩና፣ ውሃው የደብሩ ይሁን የንጉሥ ይፈርዱ ዘንድ የደሴቲቱን ሊቅ አለቃ ወልደ ሰንበትን አስጠሩ። ደምሳሽ የገደለው ሰው አለቃው አሳድገው ያስተማሩት የእኅታቸው ልጅ መሆኑን፣ ከቆሙት ሁሉ የማያውቅ አልነበረም።

«አለቃ፣ እግሬ መሬት ረግጧል!» አለ ደምሳሽ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«የምን መሬት? አፍህ ውሃ እየጠጣ!» አለው አንዱ ወታደር። ሁለተኛውም፣ «አለቃ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ፤ ይኼ ሰውዬ ዓሣ ሆኖ ሊያመልጠን ነው» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ።

አለቃው አልሳቁም። «የሰው ነፍስ ነው፤ መጽሐፍ ሳልመረምር አልፈርድም» አሉ።

«እንግዲያው እስኪፈረድ ማንም እንዳይነካው፤ እርሱም ንቅንቅ እንዳይል!» ሲሉ ባላምባራስ አዘዙ።

አለቃው ወደ ዕቃ ቤት ገብተው ብራናውን ገለጡ። መልሱን ግን ያውቁት ነበር፤ እግዚአብሔር ለባሕር አሸዋን ወሰን አድርጎ መስጠቱን ከሕፃንነታቸው ጀምረው አንብበዋልና፣ አሸዋ የረገጠ ሰው ከየብስ ወገን ነው። ሆኖም የዚያ የእኅታቸው ልጅ ፊት በየገጹ መካከል ድቅን እያለ ሌላ ምስክር፣ ከዚያም ሌላ ምስክር አሻቸው፤ ትጋት ይሁን በቀል ራሳቸውም ሳይለዩት፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሻገሩ ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ነፋሱም ውሃውን ያናውጥ ጀመር።

በመጨረሻ ወጥተው፣ «እግሩ የረገጠው አሸዋ ነው፤ አሸዋም የየብስ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ደብሩ ከገባ ቆይቷል» ብለው ፈረዱ። ባላምባራስ እጅ ነሱ፤ ታንኳዎቹም መንገድ ለቀቁ።

«በል ውጣ፣ ተፈርዶልሃል!» አለ ያ ቀልደኛ ወታደር፣ በዚህ ጊዜ ያለ ቀልድ።

ደምሳሽ አልወጣም። ደሙ በቁስሉ አልቆ፣ ደንገሉን ተደግፎ እንደ ቆመ ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ውሃ መቆሚያ ተባለ፤ ደምሳሽም ደብሩ የገባ ሰው ነውና፣ እንደ መብቱ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን፣ እርሱ ራሱ ከገደለው ሰው አጠገብ ተቀበረ፤ ፍርዱም እስከ ዛሬ አልተሻረም።