ከእግሬ በታች ያሉት አባባ

እና ደግሞ ካሜራው ሞተሩን ለማየት ነው ያልኳቸው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ሞተሩም ይታያላ፣ በስክሪኑ ግራ ጥግ አረንጓዴ ጎኑ ብቅ ብሏል፣ መሃል ላይ ግን አባባ ናቸው፣ ዝቅ ባለችው በርጩማቸው ላይ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ አንገታቸውን ወደ ሞተሩ ዘመም አድርገው። ቁጭ ብለዋል። ደህና ናቸው። አንቺ መሪሽን ያዢ፣ ውሃውን እዪ፣ ውሃውን።

ውሃው ፀጥ ብሏል፣ ጀልባዋ በሰው ጢም ብላ ሞልታለች፣ የወዲያኛው ዳር ገና ቀጭን መስመር ነው፣ ትኬት ቆራጩ ከፊት ለፊት ስለ አማቱ ለማያውቃቸው ሰዎች ያወራል፣ ሬዲዮ ያልነው በከንቱ አይደለም፣ ማጥፊያ የለውም። ስክሪኑን ከመሪው አጠገብ መስቀሌ ስህተት ነው፣ ዓይኔን ይስበዋል፣ ሌላ ቦታ ብሰቅለው ደግሞ አንገቴን ስጠመዝዝ ድንጋይ ላይ እወጣ ነበር።

ወይ ካሜራ ወይ ቤት፣ አለ ወንድሜ፣ ጀልባ ገና ሲያይ የሚያስመልሰው ሰውዬ፣ ባለፈው ወር አባባ እዚያ ሞተር ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ አንቺ ምን እየሠራሽ ነበር፣ መሪ ይዤ ነበር ወንድሜ፣ ምን እሠራለሁ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ መሰለህ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፣ ሙቀት አይስማማቸውም አለ፣ አባባ ከላይ እስከ ታች አዩትና ልጄ አሮጌ ሞተር የሚበላሸው ሲቆም ነው አሉት፣ ሐኪሙ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም፣ እውነታቸውን ነው፣ ቤት ከዋሉ በር በሩን እያዩ ያልቃሉ። ስለዚህ ካሜራ። እሺ። ካሜራ።

ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ገመድ አልባውን ነበር፣ እህቴ ይቺን ለጠፍ ማድረግ ነው፣ በስልክሽ ታዪዋለሽ፣ ግድግዳው ብረት ነው አልኩት፣ ብረት ደግሞ ኔትወርኩን ይውጠዋል፣ ኧረ አይውጥም፣ ሞተር ክፍል ገብተህ ታውቃለህ፣ አላውቅም ግን፣ ግኑን እዚያው ጥዬለት ባለገመዱን አነሳሁ። ዘይት የማያስገባ፣ ሙቀት የሚችል፣ በጨለማ የሚያይ፣ የማይተኛ፣ ስጠይቅ ስጠይቅ ለአባቴ ሞግዚት የምቀጥር መሰለኝ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በካርቶኖቹ መሃል።

የገጠሙት አባባ ራሳቸው ናቸው፣ ዛሬ ጠዋት፣ ከመነሳታችን በፊት። ከሞተሩ በላይ አይሆንም፣ ትነቱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ ከአምፖሉ ፊት ለፊትም አይሆንም፣ ይታወራል፣ ከስሩ ጎማ አንጥፊለት፣ ይሄ ንዝረት እንኳን ሽቦ ብሎን ይፈታል። ሁሉንም ያውቃሉ፣ ማን እንደሚታይ ብቻ አያውቁም፣ ወይስ ያውቃሉ። ወደ ሞተሩና ከታች ውሃ ወደሚጠራቀምበት አዙረው አጠበቁት፣ ይኸው፣ ውሃ ከገባ ታዪዋለሽ። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ቀስ አድርጌ ወደ በርጩማዋ መለስኩት። ተመለሱ፣ ቀና ብለው ካሜራውን አዩ፣ ዝቅ ብለው እኔን አዩ፣ እጃቸውን በጨርቅ አድርቀው ጨርቁን ቧንቧው ላይ ሰቀሉት። ደረጃውን ስወጣ ከኋላዬ አሉኝ፣ ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፣ ሞተር ግን በጆሮ ነው የሚገባው፣ በይ እንግዲህ፣ ካየሽኝ ከዛሬ ጀምሮ ብረት አልቀጠቅጥም።

ብረት መቀጠቀጡ የእኛ ነው፣ የሁለታችን፣ እኔ ከላይ ወለሉን በተረከዜ ስመታ እሳቸው ከታች ቧንቧውን በመፍቻ ቋ ቋ፣ አለሁ፣ ሥራሽን ሥሪ። ባለፈው ወር መውደቃቸውን ያወቅሁትም ቋ ቋው ሲቀር ነው፣ ይሄን ለወንድሜ መንገር ነበረብኝ፣ ካሜራ ሳይኖር እኮ ደርሼላቸዋለሁ፣ መቼ አናገረኝ።

አይነቃነቁም።

ሰው ሲያዳምጥ አይነቃነቅም፣ እሳቸው ደግሞ ሲያዳምጡ ዝንብ ቢያርፍባቸው አያባርሩም። አንገታቸው ቅድምም ዘመም ብሎ ነበር። ግን ላባቸውን አይጠርጉም እንዴ፣ እዚያ ምድጃ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሰው ሲያዳምጥ እንዲህ ነው፣ ሰው ሲያንቀላፋም እንዲህ ነው፣ ሰው፣ ዝም በይ። የኔ ልጅ ደርሰናል እንዴ፣ አንዲት እናት በመስኮቱ፣ ገና ነው እማማ፣ ይቀመጡ፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ደህና ሴት ይመስላል።

በተረከዜ መታሁ። ምንም። አኩርፈዋል፣ አልቀጠቅጥም ብለዋል፣ ቃላቸው ቃል ነው፣ እልኸኛ፣ እኔስ ማንን ወጥቼ። ደግሜ መታሁ፣ በጫማዬ ብቻ ሳይሆን በነፍሴ። ስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን እንኳን አላነሱም። አባባ። አባባ ቀና ይበሉ፣ ይሳደቡ፣ ካሜራውን ይሸፍኑት፣ ጨርቅ ይወርውሩበት፣ አልቆጣም።

ሬዲዮን ልላከው። ሬዲዮ ከወረደ ገና ዳር ሳንደርስ ወንድሜ ይሰማል፣ አላልኩሽም ይላል፣ ነገ አባባ ቤት ናቸው፣ በር በሩን እያዩ። መሪውን ለሬዲዮ ሰጥቼ እኔ ልውረድ፣ ይህን ሁሉ ሰው ለሬዲዮ፣ እያወራ ያሰምጠናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ግን የጠረጠረስ መሪ ይዞ ምን ያድርግ። ፈርቻለሁ። ተሳፋሪውን አይደለም፣ ወንድሜንም አይደለም፣ አባቴን ማጣት ነው የምፈራው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ይዋሉ ቤት፣ እስኪበቃቸው ያኩርፉኝ፣ ብቻ ይኑሩልኝ። ሬዲዮ! ሬዲዮ ና! አልሰማም፣ አማቱ ላይ ነው፣ የራሱ ድምፅ ጋርዶታል።

የነዳጅ መስጫው በእጄ ነው። አባባ የሚጠሉት አንድ ነገር አለ፣ ሳይነገራቸው ሞተሩን በድንገት ዝቅ ማድረግ፣ ከምትሰድቢኝ ይብሳል ይላሉ፣ ተኝተው እንኳን ያነቃቸዋል፣ የነቁ እንደሆነ። ይቅርታ አባባ።

ወደ ኋላ ሳብኩት።

ሞተሩ አጉረመረመ፣ ወረደ፣ ጀልባዋ ወደ ፊት ጎንበስ አለች፣ ሰዉ እህ አለ፣ ሬዲዮ እንኳን ዝም አለ፣ ሬዲዮ። ስክሪኑን እያየሁ ነው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ አንገታቸው ዘመም፣ አልሰሙም፣ ሞተሩ ወርዶ አልሰሙም፣ በቃ፣ በቃ እንግዲህ፣ ለእናቴ ምን ብዬ…

ቋ ቋ ቋ ቋ ቋ!

ከእግሬ ስር። ጫማዬን አልፎ ጉልበቴ ድረስ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ግን እንደተቀመጡ ናቸው፣ መፍቻ የለ፣ ምን የለ፣ ቋ ቋ ቋ ይላል ብረቱ፣ እሳቸው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከኋላቸው ቧንቧው ላይ የተሰቀለው ጨርቅ፣ ሞተር በተነሳ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው፣ ቀጥ ብሏል። ምስሉ ነው የቆመው። ሽቦው ነው፣ ንዝረቱ ፈትቶታል፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፎቶ ነው ስጠብቅ የቆየሁት።

ምን ሆንሽ፣ አለ ሬዲዮ ሮጦ መጥቶ፣ ምንም፣ ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ፣ ፀሐይ ነው ሂድ። ከታች አባባ ብረቱን እየቀጠቀጡ ነው፣ ምን ነካሽ አንቺ፣ ሞተሬን ምን አደረግሽው፣ ቃል ሳይኖረው ቃሉ ይሰማኛል። በተረከዜ ልመልስላቸው ይገባል፣ ሁለቴ፣ ደህና ነኝ። እመልሳለሁ። ትንሽ ይቆጡ መጀመሪያ፣ ትንሽ ልስማቸው።