ወደ ውጭ የዞረው ሉህ

ዘይቱና በመድረሳው ግድግዳ ላይ ያለውን ችካሏን በእጇ ዳበሰችው። ባዶ ነው። ከጎኑ ያሉትንም አየች፤ የልጆቹ ሉህ፣ ቁርአን የሚማሩበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ሁሉም እንደተሰቀለ ነው።

«የኔን ሉህ ማን ወሰደው?» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ሸህ ሳልህ፣ ያላቀረበችውን ሰላምታ እየመለሱ። ከቁርበታቸው ላይ ቀና ብለው አዩዋት። «የበድሩ ሚስት ሩቂያ ወሰደችው። ልጇ ራህመት በንዳድ ስትቃጠል ውላባት፣ ማታ እያለቀሰች መጣችብኝ። ወደ ውጭ የዞረው ያንቺ ብቻ ነበር፤ ውሰጂው አልኳት። ምነው?»

«ምንም» አለችና ወጣች።

በሸህ ሳልህ መድረሳ ደንቡ እንዲህ ነው። ተማሪው ደረሳ የተጻፈለትን አንቀጽ በቃሉ ሲይዝ ሉሁን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰቅላል። ገና ያልጨረሰ ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። በሽተኛ ያለበት ሰው ወደ ውጭ የዞረውን ወስዶ ጽሑፉን ያጥብና እጣቢውን ያጠጣል። ከቀወት እስከ ጀውሃ ይህን የማያውቅ የለም። ዘይቱናም አንቀጿን ስላልጨረሰች ደንቡን ጠብቃ ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የሰቀለችው። የረሳችው የሉሁን ጀርባ ነው። ጀርባው ባዶ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ሸህ ሳልህ ለደረሶቹ አዲስ ሥራ ሰጥተው ነበር። «እጃችሁ እንዲፈታ በሉሁ ጀርባ የገዛ ቃላችሁን ጻፉ። ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው የቤታችሁ ይሁን። ያያችሁትን ጻፉ» አሏቸው። ልጆቹ «ፍየላችን ወለደች» እያሉ በአንድ መስመር ተገላገሉት። ዘይቱና ግን ስለ መድረሳው ውሎ ጀርባውን ከዳር እስከ ዳር ሞላችው። ሩቂያ ማንበብ አትችልም። አጥባ ያጠጣችው ያንን ነው።

ዘይቱና አርባ ዓመት አልፏታል። ባሏን ጣልያን ሲገባ ገድሎባታል። ልጇ አብዱረሂም ሐረር ከነጋዴዎች ጋር ነው። ባለፈው ዓመት የላከላት ደብዳቤ ተከፍቶ የጣልያን ምሽግ ደረሰና፣ የምሽጉ አስተርጓሚ ገበያ መሀል ጮክ ብሎ አነበበላት። ልጇ «እማ፣ እየራበኝ ነው» ማለቱን ሮቢት በሙሉ ሰማ። በማግስቱ እንዝርቷን አስቀምጣ መድረሳ ገባች፣ ከሕፃናቱ መሀልም ተቀመጠች። ብዙ ተባለ። ከሁሉ አፉ የከፋባት የራህመት አባት በድሩ ነበር። «ሕፃን ልጄ ትማር። ባልቴት ከሕፃን ጋር ምን ልትሆን ነው?» እያለ ሽማግሌ አሳድሞ፣ ነገሩ በዚህ ጁምዓ እንዲቆረጥ አስቀጥሮ ነበር።

ከመድረሳው ወጥታ ስትሄድ ያው በድሩ በማሽላው ማሳ መሀል ሙክት እየጎተተ መጣ።

«እትዬ ዘይቱና! ወደ አንቱ ስመጣ መንገድ ላይ አገኘሁዎት!» አለ። አንቺ ሲላት የኖረ ሰው አንቱ ሲላት ጊዜ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፣ ሌላ ሰው ያለ መስሏት። «ራህመት ዳነችልን፣ አልሐምዱሊላህ! ሌሊቱን ላብ በላብ ሆና አደረች፣ ጠዋት አጥሚት ጠጣች። ባንቱ እጅ በተጻፈው ነው። ይኸን ሙክት ይቀበሉኝ።»

«በድሩ...»

«አይሆንም፣ ይቀበሉኛል። ሴት ናት ትውጣ የሚል ካለ ደግሞ ከኔ ጋር ነው።»

«አንተው ነበርክ እኮ።»

«እኔው ነበርኩ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጁምዓ ከሽማግሌው ፊት ራሴ እናገራለሁ።»

ዘይቱና ሙክቱን አየችው። ላቱ የሰባ ነው። ዓመት ሙሉ የታገለችበት ነገር በገመድ ታስሮ ቆሞላታል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? የጻፈችው በውሃ ታጥቦ ሄዷል።

«ዛሬ ወደ መንገድ ሥራው ሐኪም ልትወስዷት አልነበር?» አለችው።

በድሩ ለጣልያን መንገድ ድንጋይ ይፈልጣል። ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር ሐኪሙ ለሠራተኛና ለልጆቹ ኪኒን ይሰጣል።

«አስበን ነበር፤ ተውነው። ከቁርአን በላይ የጣልያን ኪኒን ምን ሊያደርግልን?»

ዘይቱና ንዳድን ታውቀዋለች። አንድ ቀን ያቃጥላል፣ በማግስቱ ለቆ ያዘናጋል፣ በሦስተኛው ቀን ብሶበት ይመጣል። የራሷን ሴት ልጅ የቀበረችው «ዳነች» ብላ ጎረቤት በጠራች ማግስት ነው።

«ሙክትህን መልሰው» አለችው። «ቤትህ እንሂድ። ሩቂያ ባለችበት የምናገረው አለኝ።»

ሩቂያ ደጃፍ ላይ በእልልታ ተቀበለቻት። እጇን ልትስም ስትል ዘይቱና ነጠቀቻት። ራህመት አልጋው ላይ ተደግፋለች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል እንጂ ትስቃለች። ሉሁ ታጥቦ ከምሰሶው ሥር ቆሟል።

«እታለም፣ ያጠብሽው ቁርአን አልነበረም» አለች ዘይቱና። «ቁርአኑ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። አንቺ ያጠብሽው ጀርባውን ነው። እሱ ላይ የነበረው የኔ ወሬ ነው።»

«የምን ወሬ?» አለ በድሩ።

ልትሸፋፍነው ትችል ነበር። ግን አንድ መስመር ከደበቀች የቀረውም ውሸት የሚሆን መሰላት። እጆቿን አጣምራ፣ አንቀጽ እንደምታሰማ ደረሳ ቆማ በቃሏ አለችው።

«ዛሬ ሸህዬ ሲያስተምሩን እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኛ ድምፃችንን አልቀነስንም፤ ዝም ካልን ይነቃሉ። ስነሳ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ልጆቹ ይቆጥሩታል። የበድሩ ልጅ ራህመት ከኔ ኋላ ጀምራ ጥላኝ ሄደች። ስሳሳት አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቅብኛለች። ምነው አንድ ቀን በቀረች።»

 ሙክቱ ከውጭ ጮኸ።

«በልጄ ነው?» አለች ሩቂያ ቀስ ብላ።

«ቅናት ነው። ክፉ አልተመኘሁባትም። ግን ጽፌዋለሁ።»

«እኔ ሁለቴ ብቻ ነው የሳቅኩት» አለች ራህመት ከአልጋው። ቆይታ ደግሞ «ሸህዬ ግን የእውነት ተኝተው ነበር» አለች።

«ዝም በይ!» አለ በድሩ። ፊቱ ጠቁሯል። አንቱታው በአንድ ጊዜ ጠፋ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለልጄ የሐሜት እጣቢ አጠጣሻት! እኔ ደግሞ ሙክት ይዤልሽ ልመጣ! አስተግፊሩላህ! ጁምዓ ትወጫታለሽ!»

«የጁምዓው ለጁምዓ ይቆየን። ንዳዱ ነገ ይመለሳል። ዛሬ ልጅህን ተሸክመህ ሐኪሙ ጋ ሂድ።»

«የነሱ ኪኒን ማህፀን ያደርቃል ይላሉ» አለች ሩቂያ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ባሌን የገደሉት እነሱ ናቸው። ውደጃቸው አልኩሽ? እኔ የማውቀው፣ ያን መራራ ነገር የዋጡት የመንገድ ሠራተኞች ከንዳድ ተነስተው ድንጋይ ሲፈልጡ ነው። ባልሽን ጠይቂው።»

ሩቂያ ባሏን አየችው። በድሩ መሬት መሬት አየ። ባለፈው ክረምት እሱም ውጦ ነበር፤ ለሚስቱ አልነገራትም እንጂ።

ሩቂያ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ልጇን አንስታ በአንቀልባ አዝላ ወጣች። በድሩ የሙክቱን ገመድ እንደያዘ ትንሽ ቆመና፣ ገመዱን ጥሎ ተከተላት።

ዘይቱና ሉህዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ መድረሳው ተመለሰች። ለሸህ ሳልህም እንደዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የእንቅልፉንም ሳትዘል። ሸህ ሳልህ ጢማቸውን ይዘው ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ተኝቼ ነበር?»

ልጆቹ ሉሃቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ወላሂ በሉ። ተኝቼ ነበር?»

«ትንሽ» አለ አንዱ ከኋላ። «ደግሞም አንኮራፉ።»

ሸህ ሳልህ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«ጀርባውን ጻፉ ያልኩ እኔ፣ ሳላይ ውሰጂ ያልኩም እኔ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ የጠጣችው ውሃና የቀለም ጥላሸት ነው፤ አይጎዳትም። የበድሩ አፍ ግን አንቺን ይጎዳል። እስኪበርድ ድረስ ጓሮ ገብተሽ ከሐቢባ ጋር ብትማሪስ? ባለቤቴ ከኔ የተሻለ ታስተምራለች። ሰውም አያይሽ።»

ዘይቱና አሰበችበት። ጓሮው ጥላ አለው። ጉልበቷንም የሚቆጥር የለም።

«ሸህዬ፣ ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ የምሠራው ሥራ እስከ ዛሬ አልነበረኝም» አለች። «ቦታዬ ላይ እሆናለሁ። ካስወጡኝም በዚሁ በር እወጣለሁ።» ሄዳም ከራህመት ባዶ ቦታ አጠገብ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተንቋቋ። ልጆቹ አልሳቁም።

ንዳዱ በማግስቱ ቀጠሮውን ጠብቆ መጣ። ኪኒኑ ቀድሞት ነበርና ሕፃኗን ጥቂት አንቀጥቅጦ ለቀቃት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ የሆነውን ለዘይቱና የነገረቻት ሩቂያ ናት። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው የበድሩን ቃል ጠበቁ። በድሩ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዝም ብትል ኖሮ ሙክቴን ትበላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልጄን እቀብር ነበር። ትቆይ አልልም። ትውጣም አልልም» ብሎ ተቀመጠ። ከእሱ ሌላ ያን ያህል የሚጮህ ስላልነበረ፣ ነገሩ ወደ ወፍ ጥበቃና ወደ ማሽላው ዞረ፤ ሳይቆረጥ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ራህመት መጣች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላ ዘይቱናን በዓይኗ ጥግ ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ሸህ ሳልህ ለሁሉም አዲስ አንቀጽ ጽፈው አደሉና ንባቡ ተጀመረ።

ዘይቱና ሁለት መስመር ሄዳ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ድሮ ብትሆን እንዲህ ሲገጥማት ድምፅዋን ከልጆቹ ድምፅ ጋር ቀላቅላ ታልፈው ነበር። አጠገቧ ያለችው የሰባት ዓመት ልጅ ያንኑ ቦታ እንደ ውሃ አፍስሳው አልፋለች።

«ራህመት» አለቻት።

ልጅቷ ሻሿን ወደ አፏ ልትወስድ እጇን አነሳች።

«ሳቂ ግድ የለም» አለቻት ዘይቱና። «ስትጨርሺ ግን ይቺን አሳዪኝ፤ አቅቶኛል።» ሉህዋንም ከራሷ ጭን አንስታ ከሕፃኗ ጭን ላይ አኖረችው።